የጅማ በርጩማ ጠራቢዎች ቅርስና የነጋዴው ድርሻ

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከቦንጋ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ጅማን አቋርጦ ያልፋል። በዚህች ከተማ ከቡናው ንግድ ጋር አብሮ የኖረ አንድ የቤተሰብ ሙያ አለ፤ ይኸውም ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ መጥረብ ነው። ጥቅሙም ለጠራቢው ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም ስለሆነ አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከከፋና ከአካባቢው አገሮች የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። የእጅ ሙያተኛውም ገዢ ያገኘው በዚሁ የንግድ መንገድ ነው። በጅማ ሙዚየም ከንጉሡ ዕቃዎች መካከል ከእንጨት የተጠረቡ መቀመጫዎች ዛሬም ይታያሉ።

የጅማ በርጩማ ምስማርም ሙጫም የለውም። ጠራቢው ግንዱን በመጥረቢያ ያቀናል፤ መቀመጫውን በመሮ ይጎደጉዳል፤ እግሮቹን ከዚያው እንጨት ያወጣል፤ በመጨረሻም በሞረድ ያለሰልሳል። ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ሦስቱ እግሮች ሁልጊዜ መሬት ስለሚነኩ በርጩማው አይንገዳገድም። ከሁሉ የሚከብደው ግን በመዳፍ የሚያዘው ትንሹ በርጩማ ነው። በትልቁ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ተፍቆ ይቃናል፤ የትንሹ እግር ግን ቀጭን በመሆኑ መሮው የእንጨቱን ጭረት ካልተከተለ ወዲያው ይሰበራል።

ይህን የመሰለ ሙያ ልጅ ከአባቱ እጅ እያየ ይማረዋል። በደቡብ ምዕራብ በብዙ ስፍራ የእጅ ሙያተኛ መሬት እንዳይዝ፣ ከሌላውም ወገን ጋር እንዳይጋባ ይደረግ ነበር፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ከአንድ ወገን ሳይወጣ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረዋል። ነገር ግን ንቀቱ ቢቀንስም ዋጋው ካልተሻሻለ ልጁ የአባቱን መሮ አይወርስም። የአንድ ሽማግሌ ሙያ ካለ ወራሽ ሲቀር ከመጽሐፍ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር እንጨቱ ነው። ለበርጩማ የሚመረጠው ዋንዛ ለመጥረብ የሚመች፣ ምስጥንም የሚቋቋም ነው። ይኸው ዛፍ የቡናችንም ጥላ ነው። የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሏል። ዐዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ስለተተካ ነጋዴው የወቅቱን ደንብ ከአካባቢው የደን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ትንንሹ ሥራ እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ ከትልቁ በርጩማ በተረፈ ቁራጭ ሊሠራ ይችላል፤ በጭነትም ቀላል ነው።

ስለዚህ ይህን ዕቃ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ አራት ነገሮችን ይመርምር።

አንደኛ፣ እንጨቱ በሚገባ መድረቁን። እርጥቡ ደረቅ አየር ባለበት አገር ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ነጩ የውጭ እንጨት አለመቅረቱን። ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ሦስተኛ፣ የማሸጊያውን ሣጥን። ጥሬ የማሸጊያ እንጨት እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቆ የታወቀው ዓለም አቀፍ ምልክት ካልታተመበት ብዙ አገሮች አይቀበሉትም።

አራተኛ፣ የጠራቢውን ስም። ስሙ ከዕቃው ሥር ቢጻፍ ገዢው የማንን ሥራ እንደያዘ ያውቃል፤ ሠሪውም በጥራቱ ይጠየቃል፣ በጥራቱም ይከበራል።

ቡናን በመነሻ ቦታው ስም ለዓለም መሸጥ የለመደ ነጋዴ በርጩማውንም በሠሪው ስም መሸጥ አይከብደውም። በአንድ ዕቃ ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ ለጠራቢው መክፈል ልጁን ከአባቱ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ነጋዴውም ለከርሞ የሚሸጠውን ያገኛል።