የተማሪ መንገድና የባቡር ሰዓት

ጠዋት ጠዋት በዚህ ግድግዳ ሥር ቆማችሁ የምታነቡ ዕጩ መምህራን፣ ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ትምህርት ስለ መንገድ ነው። መንገድ ስንል አንድ ተማሪ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ማለታችን ነው። ይህ ጊዜ በትምህርት ዕቅዳችን ላይ አይጻፍም፤ በመምህሩ መዝገብም ቦታ የለውም። ሆኖም ከተማሪው ቀን ላይ በየዕለቱ ይቆረጣል።

ነገሩን እንድናነሳ ያደረገን አንድ ጉዳይ አለ። ከመካከላችን አንዷ ኲሓ ከአክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትማረው። በማስተማር ልምምዳችን ወቅት አንድ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣች። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ረዳቱም «መቐለ! መቐለ!» ይላል፤ ግን ሰው አልሞላም። ሚኒባስ ደግሞ ካልሞላ አይነሳም። አንድ ሰው ገባ፣ ሁለት ሰው ገባ፣ አንዱ ሰልችቶት ወረደ። እንዲህ ሲል አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። መቐለ ወርዳ፣ ሁለተኛ ታክሲ ይዛ፣ የቀረውን በሩጫ ጨርሳ ከልምምድ ትምህርት ቤቷ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሆኖ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው የታዘዘውን ፈጸመ፤ በሱ አንፈርድም። ተቆጣጣሪው መምህር ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቋት ኖሮ በወረቀታቸው ላይ «አልተገኘችም» ብለው ጽፈው ሄዱ። አንድ ጊዜ ቢደገም ልምምዱን እንደገና ልትወስድ ነው፤ ይህም ማለት አንድ ዓመት ነው። አክስቷ ደግሞ ሌላ ዓመት የማኖር አቅም እንደሌላቸው ነግረዋታል።

ያን ዕለት ማታ ስንወያይ አንዱ ጓደኛችን «ይኸን ጊዜ ባቡር ቢኖረን እኮ!» አለ። ሳቅን። ነገር ግን የተናገረው የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ ባቡር ለተማሪ ምን እንደሚያደርግ ጠጋ ብለን ብናየው የራሳችንን ችግር የሚያሳየን ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ስለ ባቡር ስንናገር ሁለት ዓይነቱን እንለይ። አንደኛው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከወደብ ወደ መሀል አገር ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ከተማና በዳርቻው መካከል ጠዋት ሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ማታ የሚመልስ ነው። የኛ አገር ታሪክ በአመዛኙ የመጀመሪያው ዓይነት ታሪክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ ባቡር ተማሪን ጠዋት አድርሶ ማታ ሊመልስ አልተሠራም። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ጣቢያው ለገሃር ከከተማው እምብርት ላይ ነው የቆመው። መንገደኛው ከባቡሩ ሲወርድ ከተማ ውስጥ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የአዲስ አበባ ጣቢያው ለቡ አካባቢ፣ ከከተማዋ ዳር ነው። እዚያ ለመድረስ ሌላ መጓጓዣ ያስፈልጋል። ለጭነት ባቡር ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይመቻል። ለሰው ግን ጣቢያው ከሚኖርበትና ከሚሄድበት ቦታ በራቀ መጠን የባቡሩ ፍጥነት ዋጋ ያጣል። ባቡሩ በአንድ ሰዓት የወሰደውን መንገድ ተጓዡ በታክሲ ወረፋ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በአገራችን የታየው በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደው መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ደግሞ በዚያው ዓመት ተከተለ። እያንዳንዱ መሥመር ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣቢያዎቹን ስም ያየ ተማሪ ደስ ይለዋል፤ «ሲቪል ሰርቪስ» የሚባል ጣቢያ አለ፣ «ተግባረ ዕድ» የሚባል ጣቢያ አለ። ሁለቱም የትምህርት ቤት ስም ናቸው። የመሥመሩ ነዳፊ ያሰበው ይሁን ወይም ሰፈሩ ራሱ በተማሪ ቤቱ ስለሚጠራ፣ ብቻ ሐዲዱ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሷል። የሙያ አባቶቻችን ወደሚወጡበት ወደ ኮተቤ የሚሄድ ተማሪ ግን በዚህ ዕድል አልተጠቀመም፤ መገናኛ ላይ ወርዶ ታክሲ መያዝ አለበት። አንድ ባቡር፣ ሁለት ተማሪ፣ ሁለት የተለያየ መንገድ!

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ባቡር ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነት ያወራል። ለመሆኑ የከተማ ባቡር ይፈጥናል? በየጣቢያው ይቆማል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። 17 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 51 ደቂቃ ይፈጅበታል። መንገድ የተለቀቀለት ሚኒባስ ይበልጠዋል። ልዩነቱ ያለው በመነሻው ላይ ነው። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ባቡር የሚነሳው ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ባዶም ቢሆን ይነሳል። ለነጋዴ፣ ለእንግዳ፣ ለገበያተኛ ይህ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ለሚጠብቀው ተማሪ ግን ሁሉ ነገር እሱ ነው።

የሒሳብ ዕጩዎች ይህን ለክፍል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ባቡር በየ20 ደቂቃው ቢመጣና ተማሪው ሰዓቱን ሳያውቅ በዘፈቀደ ቢወጣ፣ የሚጠብቀው ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ሰዓቱን አውቆ ከወጣ ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ይሄዳል። ሞልቶ የሚነሳው መኪናስ? አማካዩን ማስላት ይቻል ይሆናል፤ ትልቁን ቁጥር ግን ማንም አያውቀውም። ተማሪውን የሚጎዳው አማካዩ አይደለም፤ ያ ያልታወቀው ትልቁ ቁጥር ነው። እሱን ፈርቶ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወጣል፤ በዘጠኙ ቀን ያለ ሥራ በር ላይ ይቆማል፤ በአሥረኛው ቀን እንደገና ያረፍዳል።

እስቲ ሌላም ሒሳብ እንሥራ። ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ተማሪ በሳምንት 10 ሰዓት፣ በ40 የትምህርት ሳምንት 400 ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በቀን አምስት ሰዓት የሚማር ከሆነ 400 ሰዓት ማለት የ80 ቀን ትምህርት ነው። ጎረቤቱ የሆነው ጓደኛው ይኸን ጊዜ ያነባል፣ ይተኛል፣ ወይም ኳስ ይጫወታል። ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንዳየው በአጭሩ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣ ሕግ የባቡር ኩባንያዎች ለሠራተኞች ጠዋትና ማታ በርካሽ ዋጋ ባቡር እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ ሠራተኛው ከመሀል ከተማ ርቆ ለመኖር የቻለው በዚህም ጭምር ነው። በሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1853 ከቦምቤ (ዛሬ ሙምባይ) ወደ ታኔ 34 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ታኔ ዛሬ የዚያችው ከተማ ዳርቻ ናት፤ በሙምባይ ዙሪያ ያሉት ባቡሮችም በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያመላልሳሉ። በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ብዙ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ገነት አድርገን አንሥለውም። ነገር ግን የሕንድ ባቡር ለተማሪ በቅናሽ የሚሰጥ ወርኃዊ ትኬት አለው፤ ሴት ተማሪዎች እስከ መጀመሪያ ዲግሪ፣ ወንዶች ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል ከቤት ትምህርት ቤት በነፃ የሚመላለሱበት ወርኃዊ ትኬትም ተፈቅዷል። ለሴቶቹ ዕድሜው እንዲረዝም መደረጉን ልብ በሉ። መንገድ ሲረዝም ከትምህርት ቀድማ የምትቀረው ማን እንደሆነች እዚህ ለቆምን አይነገረንም።

ታዲያ የኛስ መቐለ? ብዙዎቻችን «ባቡሩ ቢገባ ኖሮ» እንላለን። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ፣ ከዚያም ወደ መቐለ የሚቀጥለው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መሥመር ግንባታቸው ተጀምሮ ነበር። የመጀመሪያውን የቱርክ፣ ሁለተኛውን የቻይና ተቋራጭ ይዞት ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የመቐለው መሥመር ሳያልቅ ቆመ። በዚያ ጦርነት ያጣነውን ነገር ስንቆጥር ሐዲዱ መጀመሪያ የሚነሳው አይደለም፤ በዚህ ዓምድም አንገባበትም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ያ ባቡር ቢጠናቀቅ እንኳ የኲሓዋን ጓደኛችንን አያደርሳትም ነበር። ለረጅም ጉዞና ለጭነት የታሰበ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ እየቆመ ተማሪ አይለቅምም።

ለኲሓና ለመቐለ ብቻ የሚሆን የከተማ ባቡርስ? ርቀቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፊዚክስ ዕጩዎች እንደምታውቁት የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሸክም በጥቂት ኃይል ይሄዳል። ያው ልስላሴው ግን ዳገት ላይ ጠላቱ ነው፤ ጎማው መቆንጠጫ ያጣል። ከኲሓ ቁልቁል ወደ ከተማው የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሐዲዱ ስንት ጊዜ መጠማዘዝ እንዳለበት ይገምታል። ወጪውም አለ። ደግሞ ከተሠራ በኋላ መጠበቅ አለ፤ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ይዞ ጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ባቡሩ ሲያንስ የሚጠበቀው ሰዓት ይረዝማል፤ ያ ዋናው ጥቅም ይጠፋል፤ ተሳፋሪውም ወደ ታክሲው ሰልፍ ይመለሳል።

በኛ አስተያየት ለመቐለ ተማሪ የጎደለው የባቡር ሰዓት ነው እንጂ ባቡሩ አይደለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩልና አንድ ሰዓት ላይ ሞላም አልሞላም ከኲሓ የሚነሳ አንድ አውቶቡስ፣ ሰዓቱም ተጽፎ መነሻው ላይ የተለጠፈበት፣ ይበቃል። ባለመኪናው ባዶ ወንበር ይዞ እንዲነሳ ስንጠይቀው ኪሳራውን ማን ይሸፍን የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ትክክል ነው። ወርኃዊ ትኬት የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ ይከፍላል፣ ባለመኪናው ወንበሩ እንደተከፈለበት አውቆ ይነሳል። ከኲሓ የምንመላለሰው ስማችንንና የምንነሳበትን ሰዓት ጽፈን ለተማሪዎች መማክርት ለማቅረብ ተስማምተናል። ብስክሌት ያላችሁ አትሳቁብን፤ በ2014 ዓ.ም. ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከተማው ሁሉ በእግርና በብስክሌት ሲሄድ የማን ቀን እንደነበር አንረሳም። ማታ ዳገቱን ወደ ኲሓ ስትወጡት ግን እንጠይቃችኋለን።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ለመጻፍም አልቀለለንም። ጓደኛችን በር በተዘጋባት በዚያው ሳምንት፣ ከመካከላችን ሁለታችን በምንለማመድበት አራተኛ ክፍል አንድ ልጅ ሦስት ቀን ተከታትሎ አረፈደ። በሦስተኛው ቀን «አርፋጅ» ብለን በር ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አቆምነው። ልጁ ምንም አላለም። በዕረፍት ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ ስንጠይቅ፣ ከከተማው ዳር በእግሩ እንደሚመጣና መጀመሪያ ታናሽ እህቱን ሌላ ትምህርት ቤት አድርሶ እንደሆነ ነገረን። የሷ ደወልና የሱ ደወል አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚደወለው። በምን ተአምር ሁለት ቦታ ይድረስ? እኛ ደግሞ ተዘጋብን ብለን ማታ ስናማርር ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅነው፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ከክፍሉ ኃላፊ መምህርት ጋር ተነጋግረን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለክለሳ አደረግናቸው፤ ልጁ ከኋላ በር በጸጥታ ገብቶ ይቀመጣል። እስካሁን አንድ ቀንም አልቀረም።

ለሚቀጥለው ሳምንት የምትሠሩት መልመጃ ይኸውላችሁ። በምትለማመዱበት ክፍል ያሉትን ተማሪዎች በየተራ እየጠየቃችሁ በአንድ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ከቤት የሚወጡበት ሰዓት፣ በእግር የሚሄዱት ደቂቃ፣ መኪና የሚጠብቁት ደቂቃ፣ በመንገድ የሚያደርሱት ታናሽ ካለ፣ በር የሚደርሱበት ሰዓት። ስም አትጻፉ፤ ቁጥር ይበቃል። ልጆቹን ሰው ፊት አትጠይቋቸው። ሠንጠረዡን እስከ ዓርብ ከቀትር በፊት ለዝግጅት ክፍላችን ብትሰጡን ከዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። የኲሓ ልጆች እስከ ሰኞ ብታደርሱልን ይበቃል።