ምእመን ተመልካች አይደለም

ኃላፊ በሆነው ዓለም ሰዎች የሚያሳዩት ጽናት ለመንፈሳዊው ሕይወት ምሳሌ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ፥ በነብራስካ ግዛት፥ በሊንከን ከተማ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉትን ጨዋታ በሜዳው ሲጫወት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የመግቢያው ወረቀት ተሸጦ ሲያልቅ ኖሯል። ከ2017 እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ ሲበዛ እንኳ ደጋፊው ቀይ ልብሱን ለብሶ መጣ እንጂ አልተወውም። ኳሱን ያልነካውም ሰው «አሸነፍን፥ ተሸነፍን» ይላል።

እንዲህ «እኛ» ማለት ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጥምቀት የአንድ አካል ሕዋሳት ሆነናልና። ነገር ግን ከእኛ አንዳንዱ በካህኑ ቢቀየም ወይም ከማኅበርተኛው ቢጣላ ከደጀ ሰላም ይቀራል። ለሚያልፍ ድል ያልታከተ ትዕግሥት ለዘለዓለም ሕይወት እንዴት ይታጣል?

ልዩነቱ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በስታዲየም ተጫዋቹ ጥቂት፥ ተመልካቹ ብዙ ነው። በመጽሐፈ ቅዳሴያችን ግን ይበል ካህን፥ ይበል ዲያቆን ብቻ ሳይሆን ይበል ሕዝብም ተብሎ ተጽፏል። ሕዝቡ ተሰጥዎውን ካልመለሰ ቦታው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ፥ ምእመናን ሆይ፥ ድርሻችንን በቅዳሴው እናሰማ፤ አዝኖ የቀረውንም ወንድም ከቤቱ ሄደን እንጥራው፤ እርሱ ሳይኖር «እኛ» ማለታችን ጐደሎ ነውና።

ለዚህም አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።