የዘረ መል ካርታ፦ ትርጉሙና ጥቅሙ



ዘረ መል ወይም ጂን የሚባለው ከወላጆች ወደ ልጆች የሚተላለፍ፣ የአካልን አሠራር የሚመራ ረቂቅ መመሪያ ነው። የዘረ መል ካርታ ደግሞ የእያንዳንዱን ጂን ስፍራ ያመለክታል። የሰው ልጅን ካርታ የማዘጋጀቱ ዓለም አቀፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ በ2003 መጠናቀቁ ተበሠረ።

ይህ ጥበብ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በጎረቤታችን በወላይታ የተደረገ ጥናት መልስ ይሰጠናል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች የአንዳንዶቹ እግር ያብጣል። ሕመሙን ሕዝቡ ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። አፈሩ አንድ ሲሆን አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ስለ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት የሕሙማንንና የጤነኞችን ጂን በማነጻጸር፣ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ከሚገኙት የሰውነት መከላከያ ጂኖች አንዳንዶቹ ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አሳየ።

እንግዲህ ሕመሙ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ጂኑም ብቻውን አያሳምምም፤ አፈሩ ሲታከልበት ነው እንጂ። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

ስለዚህ «በዘራቸው አለ» በማለት ጋብቻን መከልከል ካርታውን ያለ አግባብ ማንበብ ነው። ካርታው የጥንቃቄን መንገድ ያመለክታል እንጂ በማንም ላይ አይፈርድም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ሕመሙን በእርሱም ሆነ በወላጆቹ ኃጢአት አላመካኘም (ዮሐ. 9)። እኛም ሕመሙ የታየበትን ቤተ ሰብ ከማግለል ይልቅ ለልጆቹ ጫማ እናድርግላቸው።