ኸምርን ለመተው ሕክምናም ያስፈልጋል

ኸምር ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጠላና አረቄ በየሰፈሩ በሚገኝባቸው እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች በመጠጥ ሱስ የተያዘ ሙስሊም ሲኖር ቤተሰቡ በኀፍረት ሊደብቀው ይችላል። መደበቁ ግን ሕመሙን ያብሰዋል።

ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፦ መጠጥ መቀነስ እንዳለብህ ተሰምቶህ ያውቃል? ሰው ስለመጠጣትህ ሲወቅስህ ትናደዳለህ? ስለመጠጣትህ ትጸጸታለህ? ጠዋት ስትነሣ ለመረጋጋት ትጠጣለህ? ሁለቱ «አዎ» ከተባሉ ምርመራ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን ሰው ቤት ቆልፎ በድንገት ማስቆም አደገኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነቱ ሊንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። «ጂን ነው» ብሎ ማዘግየት አይገባም። መጠጡን የለመደ አንጎል በድንገት ሲያጣው የሚደርስበት ነው።

ስለዚህ መጠጡን ከማቆሙ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። ሐኪሙ እየተቀነሰ የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያዝለታል። ለከበደ ሱስ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታልም ሕክምና ይሰጣል። ተውበት ያሰበን ሰው ሐኪም ዘንድ ማድረስ ተውበቱን ማገዝ ነው።