የተጎዳ ሻምፒዮንና ወዳጆቹ

ስለ ደጋፊነት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው እግር ኳስን ነው። የምንደግፈው ቡድን ሲያሸንፍ እንጨፍራለን፤ ሲሸነፍ ዳኛውን እናማለን፤ በማግሥቱም ነገሩ ይረሳል። የደጋፊ ልብ በይበልጥ የሚፈተነው ግን የሚወደው ስፖርተኛ ተጎድቶ፣ ከሜዳ ጠፍቶ፣ «እንግዲህ አበቃለት» መባል በተጀመረ ጊዜ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው የጃፓናዊው የበረዶ ላይ ተንሸራታች የዩዙሩ ሃንዩና የወዳጆቹ ታሪክ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን እንመለከታለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኛ በረዶን የምናውቀው በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ስለ ስፖርቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተወዳዳሪው ከሥሩ ስለታም ብረት የተገጠመለት ጫማ ተጫምቶ፣ በሙዚቃ እየታጀበ በበረዶ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ ይዘላል፤ በአየር ላይ ይሽከረከራል። ዳኞችም ለእያንዳንዱ ዝላይ፣ ለሽክርክሪቱና ለጠቅላላ አቀራረቡ ነጥብ ይሰጣሉ። ውድድሩ በሁለት የተከፈለ ሲሆን የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ትርኢት ነው፤ አሸናፊው የሚለየው በሁለቱ ድምር ነው። በወንዶቹ ዘንድ ትልቁ ፈተና በአንድ ዝላይ አራት ጊዜ በአየር ላይ ዞሮ ማረፍ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው የሚያርፈው በአንድ እግሩ፣ ያውም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። በዚያች ቅጽበት ያ እግር የሚሸከመው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሃንዩ ዘወትር የሚያርፈው በቀኝ እግሩ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ሃንዩ በ1994 ዓ.ም. ሴንዳይ በተባለችው የሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ከተማ ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአስም ሕመም ነበረበት። በረዶ ላይ መውጣት የጀመረው በ4 ዓመቱ፣ እኅቱን ተከትሎ ነው። በመጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን ሲመታ የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ በከተማው የበረዶ ሜዳ ላይ ይለማመድ ነበር። ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ጊዜ ስላልነበረው በነዚያ በስለታም ብረቶች ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ሸሸ። ከቤተሰቡም ጋር በመጠለያ አዳራሽ ወለል ላይ ቀናት አሳለፈ። ሜዳው በመዘጋቱ የሚለማመድበት ስፍራ አጥቶ፣ በየከተማው በሚደረጉ የበረዶ ላይ ትርኢቶች እየተሳተፈ ልምምዱን ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም. ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ሄዶ በአሠልጣኝ ብራያን ኦርሰር ሥር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. በሶቺ ኦሎምፒክ በ19 ዓመቱ ወርቅ ሲያገኝ፣ በዚህ የወንዶች ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ።

ይህን ያነሣነው የሕይወት ታሪኩን ለመዘርዘር ብለን አይደለም። ወዳጆቹ ከእርሱ ጋር ያላቸው ትስስር ከሜዳልያ በፊት የተጀመረ መሆኑን ለማሳየት ነው። ቤቱ የፈረሰበት የሴንዳይ ሰው ሃንዩን ሲያይ የሚያየው አብሮት በመጠለያ ያደረ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር በነጥብ ብዛት አይመጣም፤ በነጥብ ማነስም አይሄድም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። በኅዳር 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በቻይና ሻንጋይ ከተማ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከረጅሙ ትርኢት በፊት ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ሃንዩና ቻይናዊው ያን ሃን በከፍተኛ ፍጥነት ሲንሸራተቱ ተጋጩ። ሁለቱም በበረዶው ላይ ተዘረሩ። ሃንዩ ራሱና አገጩ ደማ። አሠልጣኙ ኦርሰር ዛሬ ጀግና የሚኮንበት ቀን አይደለም ሲል ቢመክረውም፣ ልጁ ራሱን በፋሻ አስጠቅልሎ ወደ በረዶው ተመለሰ። አምስት ጊዜ ወደቀ፤ አምስት ጊዜም ተነሣ። ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ነጥቡን እየጠበቀ አለቀሰ። (ያን ሃንም ተጎድቶ ሳለ ተወዳድሯል፤ እርሱን የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህም ስለ ደጋፊዎች አንድ ነገር ይነግረናል።)

ያን ዕለት ዓለም ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «እንዴት ያለ ወኔ ነው!» አለ። ሌላው ደግሞ ራሱን የተመታ ወጣት እንዴት ወደ ሜዳ እንዲመለስ ይፈቀድለታል ሲል ተቆጣ። በእኛ አስተያየት የተቆጡት ትክክል ነበሩ። ራስን መመታት እግርን እንደ መመታት አይደለም፤ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ በዚያ ላይ እንደገና መውደቅ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ታዲያ በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ያጨበጨበው ደጋፊ ምን ያድርግ? ጭብጨባውስ ልጁን አበረታው ወይስ ወደ አደጋ ገፋው?

ከመካከላችን ይህን ስፖርት በፍቅር የምትከታተል አንዲት እኅት አለች። ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ ያለችው አሳሰበን። «ሲጎዳ እንዲያርፍ እመኛለሁ፤ ሲያርፍ ደግሞ ናፍቆኝ እንዲወዳደር እመኛለሁ። የትኛዋ ናት እውነተኛዋ ወዳጁ?» አለች። ከእኛ አንዱ «ሁለቱም አንቺ ነሽ» ብሎ ሊያሳልፈው ቢሞክርም፣ ጥያቄው በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ጥያቄው በባሰ ሁኔታ ተመለሰ። የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ሦስት ወር ብቻ ሲቀረው፣ በኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሃንዩ በጃፓን ኦሳካ ከተማ ለውድድር ሲለማመድ፣ ሉትዝ የተባለውን ዝላይ አራት ዙር ሊዞር ሞክሮ ክፉኛ ወደቀ። የተጎዳው የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ጅማት ነው። ቀደም ብለን ልብ ይባልልን ያልነው ለዚህ ነው፤ ከዝላዮቹ ሁሉ በኋላ የሚያርፍበት እግር ይኸው ነውና። ሉትዝ ራሱ ሲጀመር በቀኝ እግር ጫፍ በረዶውን መውጋትን ይጠይቃል፤ ሉፕ የተባለው ዝላይም የሚነሣው በዚያው በቀኝ እግር ነው። እንግዲህ ቁርጭምጭሚቱ መነሻውም ማረፊያውም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ሃንዩ የኦሳካውን ውድድር ተወ፤ በታኅሣሥ የተደረገውን የታላላቆቹን የማጠቃለያ ውድድር ተወ፤ የአገሩንም ሻምፒዮና ተወ። የጃፓን ማኅበር ቀድሞ ባስመዘገበው ውጤት መሠረት ለኦሎምፒክ መረጠው። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው በየአቅጣጫው መሰማት ጀመረ። ሰው በመጨረሻ ሲወዳደር ያየው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሞስኮ ሲሆን፣ በዚያም ያሸነፈው ወጣቱ አሜሪካዊ ኔታን ቼን ነበር። ቼን በአንድ ትርኢት አምስትና ስድስት ባለ አራት ዙር ዝላይ የሚሞክር ጉድ የሆነ ልጅ ነበር። ስለዚህ ጊዜው የሌሎች ሆኗል፣ አራት ወር ያልተወዳደረ ሰው ከቁርጭምጭሚት ጉዳት ተነሥቶ ኦሎምፒክን አያሸንፍም የሚለው ሐሳብ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ማንም የሰውነትን አሠራር የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ማሰቡ ተገቢ ነበር።

ወዳጆቹስ ምን አደረጉ? ጠበቁ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወሬ በሌለበት መጠበቅ፣ ዛሬ በረዶ ላይ ወጣ ይሆን፣ ነገ ይዘል ይሆን እያሉ ወራት መቁጠር ቀላል አይደለም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ደጋፊ በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንደኛው ተጠራጣሪውን ሁሉ እንደ ጠላት ቈጥሮ መሳደብ፣ የተቀናቃኞቹንም ውድቀት መመኘት ነው። ሌላው ደግሞ «አንተ አትሸነፍም» እያሉ በተጎዳ ሰው ትከሻ ላይ ተጨማሪ ሸክም መጫን ነው። ሁለተኛው ፍቅር ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስበናል። አንድን ሰው አይሸነፍም ስንለው ለመሸነፍና ለማረፍ ያለውን መብት እየወሰድንበት መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

በዚህ አጋጣሚ የራሳችንን ሰው ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል፤ ነገሩም በዚያችው በጃፓን የሆነ ነው። አበበ ቢቂላ በ1964 ዓ.ም. ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ይሮጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነው። እርሱ ግን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ግን እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር ሩጫውን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁንም ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣው። ስለ ቶኪዮው ብዙ ተወርቷል። አበበ ማቆም ሲገባው ያቆመበትን የሜክሲኮውን ቀን ግን እምብዛም አናነሣውም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በየካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃንዩ በኮሪያ በአጭሩ ትርኢት ቀርቦ 111.68 ነጥብ አገኘ፤ አንደኛም ሆነ። በማግሥቱ በረጅሙ ትርኢት ያደረገው ምርጫ አስተዋይነቱን ያሳያል። ያ የጎዳውን ባለ አራት ዙር ሉትዝ አልሞከረም፤ ባለ አራት ዙሩንም ሉፕ ተወው። አራት ዙር የዞረው ለቀኝ እግሩ ይሻላሉ ባላቸው በሁለት ዓይነት ዝላዮች፣ በሳልኮውና በቶ ሉፕ ብቻ ነው። መጨረሻ አካባቢ እግሩ ሲዝል ሚዛኑን ስቶ ሊወድቅ ነበር፤ ግን ቆመ። ሙዚቃው ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ያንን ቁርጭምጭሚት በእጆቹ ያዘው፤ የሚያመሰግነው ይመስል ነበር። በረጅሙ ትርኢት 206.17፣ በድምሩ 317.85 ነጥብ አግኝቶ ወርቁን ወሰደ። ሁለተኛ የአገሩ ልጅ ሾማ ኡኖ፣ ሦስተኛ በቶሮንቶ አብሮት የሚሠለጥነው እስፓኛዊው ሃቪየር ፈርናንዴዝ ሆኑ። ከአሜሪካዊው ዲክ በተን ወዲህ፣ ይኸውም ከ66 ዓመት በኋላ፣ የኦሎምፒክን ወርቅ በተከታታይ ያገኘ ወንድ ሃንዩ ሆነ። ቼን በአጭሩ ትርኢት ተበላሽቶበት 17ኛ ከሆነ በኋላ፣ በረጅሙ ከሁሉ በልጦ 5ኛ ሆኖ መጨረሱንም መናገር ፍትሕ ነው።

ያን ዕለት ከየመቀመጫው ወደ በረዶው የወረደውን ቢጫ ዝናብ ያየ አይረሳውም። ሃንዩ ዊኒ ዘ ፑ የተባለውን ቢጫ ድብ ስለሚወድ፣ ደጋፊዎቹ በውድድር ትርኢቱን በጨረሰ ቁጥር የዚህን ድብ አሻንጉሊት ይወረውሩለት ነበር። ሕፃናት በረዶው ላይ ወጥተው በጆንያ ይሰበስቡት ነበር፤ እርሱም አሻንጉሊቶቹ በየአካባቢው ላሉ ሕፃናት እንዲሰጡ ያደርግ ነበር።

ድሉ ጥያቄያችንን መለሰው ማለት ነውን? አይመስለንም። ያለ ሕመም ማስታገሻ መዝለል እንደማይችል ሃንዩ ራሱ ከድሉ በኋላ ተናግሯል። ከአንድ ወር በኋላ የተደረገውንም የዓለም ሻምፒዮና እግሩን ለማዳን ሲል ትቶታል። በዚያው ዓመት በኅዳር ደግሞ በሞስኮ በልምምድ ላይ ያንኑ ቁርጭምጭሚት እንደገና ጎዳ። ሆኖም ተወዳደረ፤ አሸነፈም፤ ሜዳልያውን ሊቀበል የመጣው ግን በክራንች ተደግፎ ነበር። ያን ፎቶግራፍ አይቶ የተደሰተ ደጋፊ እንዳለ ሁሉ፣ ዓይኑን የከደነም አለ። ዓይኑን የከደነው ያነሰ ወዳጅ ነበር ብለን አናምንም።

በ2022 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሃንዩ በአጭሩ ትርኢት ገና ሲጀምር እግሩ በረዶው ላይ በነበረ ጉድጓድ ገብቶበት የመጀመሪያው ዝላይ ከሸፈ፤ 8ኛ ሆነ። በረጅሙ ትርኢት በፊት በልምምድ ቁርጭምጭሚቱን እንደገና አመመው፤ በማደንዘዣ መርፌ ነው የተወዳደረው። ያም ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ማንም በውድድር ፈጽሞ የማያውቀውን ዝላይ፣ ወደ ፊት እየተነሡ አራት ዙር ተኩል የሚዞሩበትን አክሰል ሞከረ። ዙሩ ጥቂት ጎደለው፤ ወደቀም። ውጤቱ 4ኛ ነበር፤ ሜዳልያ የለም። የደጋፊዎቹ ቁጥር ግን በዚያ አልቀነሰም። በሐምሌ 2022 ዓ.ም. ከውድድር ወጥቶ በራሱ ትርኢት ብቻ እንደሚቀጥል ሲያስታውቅም ተከትለውት ሄዱ።

በየካቲት 2023 ዓ.ም. በቶኪዮ ዶም ብቻውን ባቀረበው ትርኢት 35,000 ሰው ተገኝቷል። ዳኛ አልነበረም፤ ነጥብም አልነበረም። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በመጋቢት ወር፣ የመሬት መንቀጥቀጡ በሚታሰብበት ሰሞን፣ በተወለደበት አውራጃ ለመታሰቢያ የሚሆን ትርኢት አዘጋጅቷል። ያቺ እኅታችን ይህን ስትሰማ፣ አሁን በሰላም ማየት እችላለሁ ብላ ደስ አላት። ወዲያው ግን እግሩ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀችን።