በአንድ ልብ ሁለት ሃይማኖት ያድራልን?



በየቢሮው፣ በየካፌውና በየታክሲው ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ሁሉም ሃይማኖት የሚያስተምረው ደግ ነገር ነው፤ ፈጣሪም አንድ ነው፤ ታዲያ ሁለቱንም ብይዝ ማንን እጎዳለሁ?» የሚል ነው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በሃይማኖት ስም የሚነሳው ጠብ የሰለቻቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር በሰላም ማደር የሚሹ ናቸው። ስለሆነም ጥያቄያቸው ቁጣ ሳይሆን መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን ግን ሃይማኖት ከተከታዩ የሚጠይቀው ነገር ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ እንወቅ። ጃፓንን እንመልከት። በዚያ አገር የባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት በየጊዜው በሚያወጣው መረጃ ውስጥ የሺንቶና የቡድሃ እምነት ተከታዮች ተደምረው ከአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር በልጠው ይገኛሉ። ስህተት አይደለም፤ ያው አንዱ ሰው ሁለት ቦታ እየተቆጠረ ነው። ልጁ ሲወለድ ወደ ሺንቶ መቅደስ ይወስደዋል፤ አባቱ ሲሞት ደግሞ የቡድሃ መነኩሴ ይጠራል። ሁለቱ እምነቶች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተደባልቀው ኖረው፣ የሜይጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1868 በአዋጅ ሊለያያቸው ሲነሳ እንኳ ሕዝቡ ልማዱን አልተወም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሺንቶ «ከእኔ ሌላ አትያዝ» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ለጃፓናዊው «ሁለት ሃይማኖት መያዝ ይቻላልን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ እንግዳ ነው።

የኛ ነገር ከዚህ ይለያል። እስልምና የሚጀመርበት ከሊማ የመጀመሪያ ቃሉ «ላ» ነው፤ «የለም» ማለት ነው። ሙስሊሙ አላህን ከማጽደቁ በፊት ከእርሱ ሌላ የሚመለክን ሁሉ ይክዳል። ይህን የመጀመሪያ ቃል አውጥቶ የቀረውን ብቻ መያዝ አይቻልም።

ድርድሩም አዲስ አይደለም። የሲራና የተፍሲር ኪታቦች እንደሚዘግቡት የመካ ቁረይሾች ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ የስምምነት ሐሳብ አቅርበው ነበር። አንተ አንድ ዓመት የእኛን አማልክት አምልክ፤ እኛም አንድ ዓመት ያንተን ጌታ እናመልካለን የሚል። ልብ በሉ! ይህ በሰይፍ የመጣ ሳይሆን ለሰላም ተብሎ በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬ በካፌ ከምንሰማው ብዙም አይርቅም። መልሱ ሱረቱል ካፊሩን ሆኖ ወረደ። ሱራው አጭር ነው፤ መስመሩን አስምሮ እናንተም በሃይማኖታችሁ፣ እኔም በሃይማኖቴ የሚል ሐሳብ ላይ ይቆማል። አምልኮው አይደባለቅም፤ ይህ ማለት ግን ጉርብትናው ይፍረስ ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ሱራውን በየሶላታችን እየቀራነው ይህን ሁለተኛውን ገጽታ እንረሳዋለን።

እዚህ ላይ አንዳንድ የወሎ ወንድሞች የሚያነሱት ጠንካራ ጥያቄ አለ። «አባቶቻችን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖረው የለምን? እነርሱ ሁለት ሃይማኖት ይዘው አልነበረምን?» ይላሉ። ታሪኩን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የተጠራው የኦርቶዶክስ ሊቃውንት የተከራከሩበትን የሃይማኖት ነገር ለመቁረጥ ነበር፤ ዳፋው ግን ለሙስሊሙ ተረፈ። ሹመት የያዘ ሙስሊም እንዲጠመቅ፣ ሕዝቡም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲከተል ታዘዘ። ከወሎ ታላላቅ ገዢዎች ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ተቀናቃኛቸው ኢማም አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) ኃይለ ማርያም ተባሉ። እምቢ ያሉት ተሰደዱ፤ እነ ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዑለሞች መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። ይህን ዘመን ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ በሰፊው አጥንተውታል።

ለመሰደድም ለመዋጋትም አቅም ያልነበረው ገበሬ ምን አደረገ? በአገራችን አባ ማስያስ እየተባለ የሚታወቀው ጣሊያናዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ በዚያው ዘመን አገሩ ውስጥ ነበር። ሰዎች ተጠምቀው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ጥምቀቱን ለማፍረስ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ማየቱን ጽፎ ትቷል። የእስልምና ወዳጅ ያልሆነ ሰው ምስክርነት በመሆኑ ይበልጥ ይታመናል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላም ጫናው ሲላላ ብዙው ሕዝብ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እንግዲህ እነዚያ ገበሬዎች ሁለት ሃይማኖት ነበራቸውን? በእኔ እምነት አንድ ብቻ ነበራቸው። ሁለተኛው ስም እንጂ ሃይማኖት አልነበረም። ሶሐባው ዐማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ) እናቱ ሱመያና አባቱ ያሲር ከተገደሉበት ስቃይ ውስጥ ሆኖ ጠላቶቹ ያሉትን ቃል በምላሱ ቢናገርም ልቡ በኢማን የረጋ ስለነበር አልተወቀሰም፤ በሱረቱ ነሕል ውስጥ ያለው ብይን ለተገደደ ሰው ሁሉ ነው። የወሎ ገበሬ በዚህ ጥላ ሥር ይገባል። ማንም ሳያስገድደው በቡና ወሬ መሐል «ሁለቱንም ይዣለሁ» የሚለው የዘመኔ ሰው ግን የዐማርን መከላከያ መጠየቅ አይችልም።

ከተጠመቁት መካከል በአዲሱ ሃይማኖታቸው የጸኑም አሉ። ራስ ሚካኤል አፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ አልተመለሱም፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ነገሡ። እርሳቸውም ቢሆኑ አንዱን ትተው ሌላውን ያዙ እንጂ ሁለቱን አልያዙም።

ሁለቱን ይዟል ተብሎ የተከሰሰው ልጃቸው ነው። ልጅ ኢያሱ በእናቱ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ፣ በአባቱ ደግሞ ከወሎ ኢማሞች ቤት የሚወለድ ነበር። ሥልጣን ላይ በነበረባቸው ጥቂት ዓመታት ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ ተዛመደ፤ ሐረርና ኦጋዴን ወርዶ ከሙስሊሞች ጋር ተቀመጠ፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ረዳ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. «ሰልሟል» ተብሎ ከሥልጣን ተሻረ፤ አባቱም ሊረዱት ዘምተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰውየው ልብ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። መሪ ለሁለት ሃይማኖት ተከታዮች እኩል አባት መሆኑና መሪው ራሱ በሁለት ሃይማኖት መኖሩ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ሳሉ፣ ከሳሾቹ አንድ አድርገው ቆጠሯቸው። መንግሥት ሁለቱንም፣ ከዚያም በላይ ማስተናገድ ይችላል፤ ግዴታውም ነው። ለአንድ ሰው ልብ ግን ይህ አይሆንለትም። የዛሬዎቹ «ሁለቱንም ልያዝ» ባዮችም ያንኑ ሁለት ነገር ይደባልቃሉ፤ የአገርን ሰላም ፈልገው የራሳቸውን ልብ ለሁለት ይከፍላሉ።

በቅርብ ዘመንም ምሳሌ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ አን ሆምስ ሬዲንግ የተባሉ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ እ.ኤ.አ. በ2007 «ክርስቲያንም ሙስሊምም ነኝ» ብለው በይፋ ተናገሩ። ወሰን የማስመሩ ነገር ከእኛ ዘንድ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ያስተውል፦ በ2009 ከቅስና የሻረቻቸው የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዒሳ (ዐ.ሰ) የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው የሚልና የአምላክ ልጅ ነው የሚል ሁለት ቃል በአንድ አፍ ቢነገር፣ አንደኛው ከልብ አይደለም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ይህን ያየች ይመስለኛል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የጥያቄው ስለት የሚሰማው በክርክር ሳይሆን በቤተሰብ ውስጥ ነው። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን የሆኑ አንዲት የማውቃት ወጣት ሶላቷን ትሰግዳለች፤ በፋሲካ ደግሞ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ታነጋለች። «አንዱን ብተው አንዱን ወላጄን የተውኩ ይመስለኛል» አለችኝ። ይህች ልጅ ሁለት ሃይማኖት ሳይሆን ሁለት ወላጅ ነው ያላት፤ ሁለት ወላጅ መውደድ ደግሞ አልተከለከለም። አስማ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) ያልሰለመችው እናቷ መዲና ድረስ ስትመጣባት ምን እንደምታደርግ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃ፣ ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነው የተነገራት። ሱረቱ ሉቅማንም ወላጆች ወደ ሽርክ ቢገፋፉ እንኳ በዚያ አትታዘዛቸው፣ በዱንያ ጉዳይ ግን በመልካም ተወዳጃቸው የሚል መመሪያ ይሰጣል። እናቷን በበዓሏ ቀን ብትጠይቃት፣ ብትታመም ብታስታምማት፣ ቤቷን ብትጠርግላት ዲኗ አይነካም። የሚነካው ስግደቱና ቅዳሴው ላይ ሲደርስ ነው።

በነገራችን ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን መስመሩን ያሰመርነው ሥጋ ላይ ነው። በየሠርጉ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ድስቱ ሁሉ ይለያያል። ሱረቱል ማኢዳ የኪታብ ሰዎችን ምግብ መፍቀዱን ዑለሞቻችን ያስተምራሉ፤ ባህላችን ግን ከሸሪዓው ይጠብቃል። ታዲያ ያንን ድስት በጥንቃቄ የሚለየው ሰው በማግስቱ ጠንቋይ ቤት ደጅ ሲጠና፣ ለዛር ጥቁር ዶሮ ሲያርድ፣ ለአድባር ቡና ሲያፈስ ታገኙታላችሁ። ያችን ወጣት ከመውቀሳችን በፊት ይህን የራሳችንን ሁለተኛ ሃይማኖት ብናይ ምን ነበረበት? እርሷ ያደረገችው ለእናቷ ፍቅር ነው፤ እኛ ግን የምናርደው ለማን ነው?

ለነገሩ ጥያቄው በሕይወት ሳለን ብንሸሸውም ቆይቶ ይመጣል። በሁለት መካከል የኖረ ሰው ሲሞት አንዱ ወገን ጀናዛውን ወደ ሙስሊም መካነ መቃብር፣ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ልውሰድ ብሎ በሬሳው ላይ ይካሰሳል። ከቀብር በኋላም ውርስ አለ። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 188 ፍርድ ቤቶቹ ዳኝነት የሚሰጡት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ እንደሆነ ይደነግጋል። በውርስ ጉዳይ ደግሞ ቤተሰቡ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ አለበት፦ ሟቹ በሞተ ጊዜ ሙስሊም ነበርን?