እንዶድ ይታጠቡበታል እንጂ አይጠጡትም!



ላፍቶ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ ውሻ ነክሷቸው ከሚመጡት መካከል "እንዶድ ጠጥቻለሁ" የሚሉኝ አሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ እንዶድ እናውራ።

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምርምሩ ሲቀጥል እንዶድ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ተረጋገጠ።

ልብ በሉ፦ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው ሳፖኒን ነው። ሰው ሲጠጣው ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። የእብድ ውሻን በሽታ ግን አያድንም!

ውሻ ከነከሳችሁ፦

✅ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። የበሽታው ቫይረስ ሽፋን ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል።

✅ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ልጆች ላሏቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው 🙏